የአዲስ አበባ ቈርቋሪ እቴጌ ጣይቱ ብጡል

ዛሬ በአዲስ አበባ በሚገኙት ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ያለው ወጣት ስለ እቴጌ ጣይቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው፥ ለከተማይቱ ስም ያወጡላት እርሳቸው መሆናቸውን ነው፤ ሁለተኛው፥ ከባለቤታቸው ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር ዓድዋ ድረስ መዝመታቸውን ነው። ከዚህ አልፎ እኒህ እመቤት ከየት እንደ መጡ፥ ምን ምን እንደ ሠሩ፥ በመጨረሻም በቈረቈሩት ከተማ ላይ የነበራቸው ሥልጣን እንዴት በአንድ ቀን እንደ ተወሰደባቸው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕይወታቸው ግን ለተማሪም ሆነ ሥራ ለጀመረ ወጣት ሹም ብዙ የሚያስተምር ነገር ስላለበት፥ በዛሬው ጽሑፋችን የእቴጌይቱንና የከተማይቱን ታሪክ አጣምረን በአጭሩ ለመናገር አስበናል።

ትውልድና አስተዳደግ

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ.ም. ገደማ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ይባላል። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። በአባታቸው በኩል ከሰሜንና ከበጌምድር፥ እንዲሁም ከየጁ መሳፍንት ጋር የተሳሰሩ ስለ ነበሩ፥ በዘመነ መሳፍንት ትልቅ ከሚባሉት ቤቶች የአንደኛው ልጅ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ትልቅ ቤት መወለድ በዚያን ዘመን መከራን አያስቀርም ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጣይቱ በዚያ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ስለዚህ አእምሯቸው ነገርን መለየት በጀመረበት ዘመን የሰሙት የቤተ ሰባቸውን ታላቅነት ብቻ ሳይሆን፥ ያ ታላቅነት በአንድ ቀን ውጊያ እንዴት እንደ ፈረሰ ጭምር ነው። የዘመኑ ሰው ሥልጣንን የሚያውቀው እንዲህ አድርጎ ነበር፤ ዛሬ ያለው ነገ የለም።

ጣይቱ በልጅነታቸው የተማሩት ትምህርት በዚያን ጊዜ ለሴት ልጅ ከተለመደው የላቀ ነበር። ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ፤ ግእዝም ተምረዋል። በገና ይደረድሩ፥ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል። በኋላ ዘመን በቤተ መንግሥት የውል ጽሑፍ ሲነበብና ደብዳቤ ሲጻፍ እቴጌይቱ የሌላ ሰው ትርጓሜ ሳይጠብቁ ነገሩን መረዳታቸው ከዚህ ትምህርት የመጣ ነው።

ጣይቱ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ትዳር ይዘው ነበር። የፖለቲካ ጋብቻ በበዛበት በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴቶች ልጆች ዕድል ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር። በመጨረሻ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር በሚገኘው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ዕድሜያቸው ሠላሳውን አልፎ ነበር። በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ የማይፈታ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር የሁለቱን ቤቶች መተሳሰር አጥብቆ የሚያሳይ ነበር። ሸዋ ከሰሜኑ ክፍል ጋር የሚገናኝበት ድልድይ በጣይቱ በኩል ተዘረጋ።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ መቀመጫ እንደ ዛሬው በአንድ ስፍራ የጸና አልነበረም። የንጉሡ ከተማ ማለት ድንኳኑና ሠራዊቱ ነው። እንጨትና ሣር ሲያልቅ ወይም ዘመቻ ሲመጣ ከተማው ተነሥቶ ይሄዳል። ምኒልክም ከአንኮበር ወጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ ጥቂት ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ፥ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ላይ ከተሙ። በእንጦጦ የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ ተገኘ መባሉ ለስፍራው ክብር ሰጠው። በዚያም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠራች።

ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በዚያ ጋራ ላይ መኖር ቀላል አልነበረም። ነፋሱ ብርቱ፥ ብርዱ ጽኑ፥ ክረምቱም መብረቅ የበዛበት ነው። ውሃ ከታች በሰው ጀርባና በአጋሰስ ይወጣል። በዙሪያው የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። ለጦርነት ጊዜ ምሽግ የሚሆን ተራራ ለሰላም ጊዜ ኑሮ የማይመች መሆኑ እየታወቀ መጣ።

ከጋራው በታች ባለው ሜዳ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። የአካባቢው ኦሮሞዎች ስፍራውን ፊንፊኔ ብለው ይጠሩት ነበር። በዚያ ሜዳና በዙሪያው የጉለሌ፥ የገላንና የየካ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን ያሠማሩ፥ እርሻቸውንም ያርሱ ነበር። ጉለሌና የካ የሚባሉት ስሞች ዛሬም በከተማይቱ ካርታ ላይ ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ስለ አዲስ አበባ መቈርቈር የሚናገር ሰው ይህን ዘልሎ ማለፍ የለበትም። ከተማይቱ የተሠራችው በባዶ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ከተማዋ እያደገች በሄደች መጠን ባላገሩ ከመሬቱ እየተነሣ ወደ ዳር ተገፍቷል። የአንዱ መቈርቈር ለሌላው መነቀል መሆኑ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው።

እቴጌ ጣይቱ፥ በዚያን ጊዜ ገና ንግሥት ያልተባሉት፥ ከእንጦጦ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር ሊዘምቱ ሲነሡ፥ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። በኅዳር ወር የሆነው ይህ ነገር የከተማይቱ መጀመሪያ ተደርጎ ይቈጠራል። የሜዳው አየር ለስላሳ፥ ውሃው ቅርብ፥ አበባውም ያማረ ስለ ነበር፥ ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ ሲመለሱ የባለቤታቸውን አሳብ ተቀበሉ። ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹም በሜዳው ላይ ቦታ ተመራላቸው።

የከተማይቱ መልክ ከዚህ ምሪት የመጣ ነው። እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች በተሰጠው ጕብታ ላይ ግቢውን ይሠራል፤ ከግቢው ዙሪያ ወታደሮቹ፥ አሽከሮቹና ባለ ሙያዎቹ ጎጆአቸውን ይቀልሳሉ። በየግቢው መካከል ወንዝና ጫካ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ አበባ በመጀመሪያ አንድ ከተማ ሳትሆን በአንድ ስም የተጠሩ ብዙ ሰፈሮች ነበረች። ራስ ብሩ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር፥ ገባር ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያን ጊዜ አሰፋፈር ዛሬም ያስታውሱናል።

ዘውዱና የውጫሌ ውል

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 27 ቀን ጣይቱ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የእቴጌነት ዘውድ ተቀበሉ። በማኅተማቸውም ላይ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል ማዕርግ ተቀረጸ። ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ ማለት ስለ ሆነ፥ ማዕርጉ ከስማቸው ጋር የተስማማ ነበር።

የዘውዱ ዓመታት ግን የደስታ ዓመታት አልነበሩም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ይህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆኑ። አዲስ አበባም ገና በሕፃንነቷ የተራበ ሰው መሸሸጊያ ነበረች።

የውጫሌ ውል ነገር የተነሣውም በዚሁ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ይህ ውል ሁለት ቋንቋ ነበረው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ ቢፈልግ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መሥራት ይችላል ይላል። በኢጣልያንኛው ግን ይህ የሚቻል ሳይሆን የግድ የሚደረግ ሆኖ ተጽፏል። በአንዲት ግሥ ልዩነት አንድ ነጻ መንግሥት በሌላ ጥበቃ ሥር የገባ መስሎ ታየ፤ ኢጣልያም ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ነገሩ በታወቀ ጊዜ የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ቤተ መንግሥት ቀርቦ ለብዙ ቀን ተከራከረ። በዚያ ክርክር ላይ እቴጌይቱ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ተቀምጠው የመንግሥትን ክብር የሚነካ አንድም ቃል እንዳይቀር በብርቱ ተቃወሙ። ምኒልክ በጠባያቸው ታጋሽ፥ ነገርን በማዘግየት ማሸነፍ የሚወዱ ነበሩ፤ ጣይቱ ደግሞ ቍርጥ ነገር የሚወዱ ነበሩ። ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ቤት መገኘታቸው ለአገሪቱ ጠቀማት። ንጉሠ ነገሥቱ ጊዜ እየገዙ መሣሪያ ሲሰበስቡ፥ እቴጌይቱ ልዝብ ቃል ወደ መሸነፍ እንዳያደርስ ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱ።

ወጣት ሹማምንት ከዚህ የሚማሩት አለ። ዛሬ የአገር ጉዳይ በብዛት የሚፈጸመው በጦር ሳይሆን በጽሑፍ ነው። የሚፈርመውን ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ ቃል በቃል የማያነብ ባለ ሥልጣን ምን ያህል ደም ሊያስከፍል እንደሚችል የውጫሌ ታሪክ ይመሰክራል።

የመቀሌ ውሃና የዓድዋ ድል

ጦርነቱ በ1888 ዓ.ም. መጣ። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በእርሳቸው ሥር ብዙ ሺህ እግረኛና ፈረሰኛ፥ እንዲሁም ስንቅ የሚያሰናዱና ቍስለኛ የሚያነሡ እጅግ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ትግሬ ያለውን ረጅም መንገድ በበቅሎ ተጓዙ።

መቀሌ ሲደርሱ የኢጣልያ ጦር በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ብርቱ ምሽግ ሠርቶ አገኙት። የኢትዮጵያ ወታደር በጀግንነት እየወጣ በመትረየስና በመድፍ ይረግፍ ጀመር። ነገር ግን ምሽጉ አንድ ጕድለት ነበረበት፤ የሚጠጣው ውሃ የሚቀዳው ከግንቡ ውጭ ከነበረው ምንጭ ነው። እቴጌይቱ ይህን ምንጭ ይዞ ጠላትን በጥም ማስጨነቅ እንደሚሻል መከሩ፤ ከራሳቸውም ጦር ሰው ሰጡ። ምንጩ በሌሊት ተያዘ። በምሽጉ ያለው ጦር በጥም ተቃጥሎ በጥር ወር ስፍራውን ለቆ ወጣ። በጥይት ያልተደፈረው ግንብ በውሃ ምክንያት ተከፈተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገው ጦርነት እቴጌይቱ ከጦሩ አልራቁም። ወታደሩን በማበረታታት፥ ሴቶቹም ለቍስለኛና ለተዋጊ ውሃ እንዲያደርሱ በማዘዝ ውለዋል። ድሉ የአንድ ሰው እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ደሙን አፍስሷል። ነገር ግን በዚያን ቀን ከነገሥታቱ ሴቶች መካከል በጦር ሜዳ የተገኘችው አንዲት ብቻ ሳትሆን ከብዙ ሺህ ሴቶች ጋር ሆና እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ተቀበለች። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቤት ብቻ የነበረባት ሜዳ የዓለም መንግሥታት ስሟን የሚጽፉላት ከተማ ሆነች።

የከተማይቱ መጽናት

ከዓድዋ በኋላ የፈረንሳይ፥ የእንግሊዝ፥ የሩስያና የኢጣልያ መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተቀመጡ። ነጋዴውም ከሕንድ፥ ከዐረብ፥ ከግሪክና ከአርመን አገር መጣ። በአራዳ የነበረው ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደራ። ስዊሳዊው ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አመጣ። በ1890ዎቹ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄደውን የመንገድ መዳመጫ መኪና አስገባ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር እያለ ጠራው።

ይሁን እንጂ ከተማይቱ ልትጠፋ የነበረችበት ጊዜ አለ። እንጦጦን ያስለቀቀው የእንጨት ችግር በአዲስ አበባም ተነሣ። ማገዶ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ዐፄ ምኒልክም እንደ ጥንቱ ልማድ መቀመጫቸውን ለመለወጥ አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። መልእክተኞቹና ነጋዴዎቹ ግን በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት ሠርተው ስለ ነበር አሳቡን አልወደዱትም። ነገሩን የፈታው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ይደርሳል፤ ሲቈረጥም እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ሕዝቡ በየግቢው ተከለው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሥራ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ከመነቀል ዳነች። በኢትዮጵያ ታሪክ የመንግሥት መቀመጫ በስፍራው ጸንቶ የቀረበት አንዱ ምክንያት እንግዲህ አንድ ዛፍ ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታ ባለቤትነት በጽሑፍ የሚረጋገጥበት ደንብ ወጣ። ሰው ቦታው የራሱ መሆኑን ካወቀ ጎጆውን ትቶ የድንጋይ ቤት ይሠራል። በዚያ ሰሞን ከተማይቱን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች የሕዝቧን ቍጥር ከ60,000 በላይ አድርገው ገምተውታል።

እቴጌ ጣይቱ በዚህ ሥራ ሁሉ የነበራቸው ድርሻ ብዙ ነው። የግቢውን ማዕድ ቤትና ግምጃ ቤት የሚያዙት እርሳቸው ነበሩ። በትልቁ አዳራሽ በአንድ ግብር ብዙ ሺህ ሰው በየተራ ይበላል። ይህን ያህል ሥጋ፥ እንጀራና ጠጅ በቀኑና በሰዓቱ ማድረስ፥ የሚገባውን ማርና እህል መቈጣጠር፥ የአንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ለአብያተ ክርስቲያናት ርስትና ንዋየ ቅድሳት ሰጥተዋል፤ በኢየሩሳሌም ላሉት ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም የሚረዳ ቤት አሠርተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን በከተማይቱ መካከል ያቆየው ግን በ1900 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረው ሆቴላቸው ነው። በአገራችን ልማድ እንግዳ ተቀባይ ምግብ ሰጥቶ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነበር፤ እንጀራና ጠጅ ሸጦ መኖር የሚያስከብር ሥራ አልነበረም። እቴጌይቱ የእንግዳ ማረፊያ የሆነ ትልቅ ቤት አሠርተው፥ ምግብና መኝታ በዋጋ እንዲሰጥ አደረጉ። መኳንንቱ ገብተው ለመብላት አፍረው ነበርና፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መጥተው በልተው ሂሳብ ከፈሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ንግድን ያስከበረ ሥራ ነበር። ይህ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ተቃጥሏል፤ ስሙ ግን አልተቃጠለም።

የሥልጣን ፍጻሜ

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሚኒስትሮችን ሾሙ። የመንግሥት ሥራ በየክፍሉ እንዲካሄድ የታሰበበት የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ይታወክ ነበር፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕመሙ ብሶ መናገር አቃታቸው። አልጋ ወራሽነቱ ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ተሰጥቶ ነበር፤ ልጅ ኢያሱ ግን ገና ልጅ ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነው ነበር።

በዚህ መካከል አገሪቱን በእርግጥ የሚያስተዳድሩት እቴጌ ጣይቱ ሆኑ። ከዐፄ ምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ከንጉሡ ሞት በኋላ የሚቆሙበት መሬት አልነበራቸውም። ይህን ያውቁ ነበርና፥ በዘመዶቻቸውና በሚታመኑባቸው ሰዎች ሥልጣናቸውን ለማጽናት ሞከሩ። የእንጀራ ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱ የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ የሆኑትን ራስ ጉግሣን አግብተው ነበር። ሹም ሽርም በዛ። የሸዋ መኳንንት ሥልጣኑ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ሰሜንና ወደ የጁ ሊሄድ ነው ብለው ሰጉ። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ፥ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ያሉበት ሆነው፥ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። የሾሟቸው ሰዎችም ተሻሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጣይቱ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር በላይ የታመመ ባላቸውን አስታመሙ። በአንድ ወቅት በቃላቸው ብዙ ሺህ ሰው የሚያዙ የነበሩት እመቤት አሁን ያገኙት ሥራ የሚወዱትን ሰው ትራስ ማስተካከል ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ። እቴጌይቱም ወዲያው ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ሄዱ።

እንጦጦ ማለት እርሳቸው ለከተማ አይመችም ብለው ወደ ሜዳው የወረዱበት ጋራ ነው። ዘውድ በደፉበት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአሮጌው ቤት በጸሎት ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው የከተማይቱ ባሕር ዛፍና ጣሪያ በሙሉ ይታያል። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ፥ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሲሆኑ፥ እርሳቸው ወደ ሥልጣን አልተመለሱም። በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። እቴጌይቱ ወደ ጎንደር ሄደው ለመኖር ፈቃድ ጠይቀው እንደ ተከለከሉ ይነገራል። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። ዐጽማቸው በኋላ ጊዜ ከከተማይቱ መካከል በበዓታ ለማርያም ገዳም ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፏል።

ስለ ሥራቸው የምንሰጠው ፍርድ

በእቴጌ ጣይቱ ላይ በዘመናቸው የተሰነዘረው ነቀፋ ብዙ ነው። ሥልጣን ይወዱ ነበር፤ ዘመድ ያበዙ ነበር፤ ቂም ይይዙ ነበር ይባላል። ነቀፋው ሁሉ ሐሰት ነው ብለን አንከራከርም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሥልጣንን የሚጠላ፥ ዘመዱንም የማይሾም መኳንንት ከነበረ ታሪክ ስሙን አልጻፈልንም። በወንድ እንደ ብልህነት የተቈጠረው በሴት እንደ ነውር መቈጠሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እኛ ከዚህ ይልቅ አጥብቀን የምናየው ሌላ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር ባቃታቸው ጊዜ፥ ንጉሥ ቢታመም ሥራው በማን እጅ፥ በምን ሥርዐት እንደሚካሄድ በግልጽ የሚያዝና ሁሉም የሚቀበለው ሕግ አልነበረም። ሚኒስትሮች ተሹመዋል፤ ነገር ግን የሚኒስትርነት ሥልጣን ድንበሩ አልተለየም። ሁሉም በሰው ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሰውየው ሲወድቅ ሁሉም ይናወጣል። እቴጌይቱ ይህን ባዶ ስፍራ በዘመድና በወዳጅ ሊሞሉት ሞከሩ፤ መኳንንቱም በዘመድና በወዳጅ ተባብረው አስለቀቋቸው። የተሸነፉት በጥፋታቸው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በሚጫወተው ጨዋታ ተሸነፉ እንጂ። ልጅ ኢያሱም ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ወደቁ።

ስለዚህ የእቴጌ ጣይቱን ሥራ በሁለት ከፍለን ማየት እንችላለን። አንደኛው ክፍል በሰዎች ላይ የተሠራው ነው፤ ሹመቱ፥ ጋብቻው፥ የወገን ማሰባሰቡ። ይህ በመጋቢት 12 ቀን በአንድ ቀን ፈረሰ። ሁለተኛው በመሬትና በሥርዐት ላይ የተሠራው ነው፤ ከተማው፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ሆቴሉ፥ ውሉን ቃል በቃል የመመርመሩ ልማድ። ይህ እርሳቸው ከሥልጣን ወርደው፥ ሞተውም አልፈረሰም። ኢጣልያኖች በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዘው፥ በ1933 ዓ.ም. ተባርረው ሲወጡ ከተማይቱ ስሟን እንደ ያዘች ነበረች። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱት፥ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው፥ በፍል ውሃው አጠገብ አንድ ቤት ተሠርቶ በተጀመረችው በዚህችው ከተማ ነው።

ወጣት አንባቢ በየዕለቱ በሥራው ጠረጴዛ ላይ ይህ ምርጫ ይቀርብለታል። የራሱን ሰው አስገብቶ ስፍራውን ለማጽናት መድከም ይችላል፤ ወይም እርሱ ቢነሣ እንኳ ሳይቆም የሚሄድ ሥራ አደራጅቶ መሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፤ ቶሎም ይረግፋል። ሁለተኛው ያዘገያል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሲረሳ እንኳ ለሰው ይጠቅማል። እቴጌ ጣይቱ ሁለቱንም አድርገው አይተዋል። ከእንጦጦ ጋራ ላይ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ የሚያዩት የቀረላቸውን ሥራ ነበር።